ማርቆስ ላይ ሆኖ የኢንሱሊን ፓምፕ መምረጥ

ስለ ኢንሱሊን ፓምፕ የተጻፉ ማነጻጸሪያዎች ብዙ አንብቤያለሁ። ሁሉም የተጻፉት ዕቃ ቤቱ ድረስ ለሚመጣለት ሰው ነው። የትኛው ስክሪኑ ያምራል፣ የትኛው ከእጅ ሰዓት ጋር ይገናኛል፣ የትኛው ቀለም አለው ይላሉ። እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዓይነት አንድ ስኳር የያዘኝ ቢቸና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ እነዚያ ጽሑፎች ውስጥ የለም። ስለዚህ ከዚህ ሆኜ ራሴ ላወዳድራቸው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ወንድሜ ነው። ፍራንክፈርት ይኖራል። "እታለም፣ አንዱን ምረጪና ንገሪኝ፤ ቀሪውን እኔ መላ እፈልግለታለሁ" አለኝ። እንዲህ የሚል ወንድም ያቆይልኝ። ግን "ምረጪ" ማለት ቀላል፣ መምረጡ ከባድ። ክረምቱን ሙሉ የየፓምፑን መመሪያ እያወረድኩ ሳነብ ከረምኩ። የመምህር ክረምት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል።

ፓምፕ ሲባል ሰውነት ውስጥ የሚቀበር የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ከውጭ የሚንጠለጠል ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ማሽን ነው። ኢንሱሊን ይሞላበታል። ከቆዳ ሥር በገባች ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ በኩል ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ይህ ሳይቋረጥ የሚንጠባጠበው ቤዛል ይባላል። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ የምትበሉትን ትነግሩትና ተጨማሪውን አንዴ ይሰጣል፤ እሱ ቦለስ ነው። የሚሞላበት ፈጣኑ ኢንሱሊን ብቻ ነው።

እኔ የምወጋው ሌላ ነው። ጠዋትና ማታ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ነጩን ኤን.ፒ.ኤች. ከአጭሩ፣ ውሃ መሳዩ ሬጉላር ጋር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተወጋሁት ኤን.ፒ.ኤች. 5 ሰዓት ገደማ ጉልበቱ እየበረታ ይመጣል። ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ልሁን፣ ለቅሶ ቤት ልሁን፣ ስብሰባ ይርዘም፣ እሱ አያውቅም። መብላት አለብኝ። ካልበላሁ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ተማሪዎቼ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለ አንድ ልጅ ከረሜላ ከኪሱ አይጠፋም፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ።

የፓምፕ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ቤዛሉ ለብቻው፣ የምግቡ ለብቻው ነው። ምሳ ቢዘገይ ኢንሱሊኑ እየተከተለ አይገፋችሁም። በሁዳዴ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የጎጃም ሰው ይገባዋል። የንስሐ አባቴ የሰዓቱን ጾም ካስተዉኝ ቆይተዋል፤ "መድኃኒቱንም ጠበሉንም" ነው የሚሉኝ። ለጾም ብላችሁ ፓምፕ ፈልጉ እያልኩ አይደለም። ግን ሕይወትን በኢንሱሊኑ ሰዓት መኖርና ኢንሱሊኑን በራስ ሰዓት ማስኬድ ልዩነቱ ብዙ ነው።

ጉዱም እዚያው ነው ያለው። ፓምፕ የያዘ ሰው ሰውነቱ ውስጥ የተቀመጠ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን የለውም። ቧንቧዋ ብትታጠፍ፣ ብትነቀል፣ ማሽኑ ቢቆም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስኳሩ ይወጣል፣ ኬቶን የሚባለው አሲድ ደም ውስጥ መጠራቀም ይጀምራል። እኔ ዛሬ ማታ ሳልወጋ ብተኛ ጠዋት የወጋሁት ርዝራዥ ትንሽ ያቆየኛል። ፓምፕ የያዘው ግን ሌሊቱ ሳይጋመስ ማቅለሽለሽ ሊጀምረው ይችላል። ይህን ነጥብ አስምሩበት፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው።

የዛሬዎቹ ፓምፖች ደግሞ ብቻቸውን አይሠሩም። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር በየአምስት ደቂቃው ስኳሩን ይለካል፣ ፓምፑም በዚያ ቁጥር ቤዛሉን ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በዚህ መልክ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው የሜድትሮኒክ ሚኒሜድ 670ጂ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016። ከዚያ ወዲህ ተፎካካሪዎቹ በዝተዋል። ምግቡን ግን አሁንም ሰው ነው የሚናገረው። ሁሉንም ራሱ የሚያደርግ ማሽን አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ አትስሟቸው።

ወደ ዕቃዎቹ ልግባ።

ሚኒሜድ 780ጂ የ670ጂ ታናሽ ነው። ቱቦ ያለው፣ መቀነት ላይ የሚሰካ፣ 300 ዩኒት የሚይዝ። እንዲደርስበት የምትፈልጉትን ስኳር 100፣ 110 ወይም 120 ብላችሁ ትሰጡታላችሁ። ሁለት ነገሩን ወደድኩለት። አንደኛ የሚሠራው በአንድ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳ ሰዓት ላይ በምናደርገው ዓይነት። ርካሹ የሱቅ ድንጋይ ግን አይሆነውም፣ ቢያንስ አልካላይን መሆን አለበት። ሁለተኛ እስከ 7 ቀን የሚቆይ ቱቦ ተሠርቶለታል። የሌሎቹ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ነው የሚቀየረው። ስልክ ባይኖርም ይሠራል፤ ቁልፎቹ ራሱ ላይ ናቸው። መልኩ የድሮ ፔጀር ይመስላል። ይምሰል።

የታንደም ቲ-ስሊም ኤክስ2 ሸጋ ነው። ስክሪኑ እንደ ስልክ ይነካል። እሱም 300 ዩኒት ይይዛል። ኮንትሮል-አይኪው የሚባለው ፕሮግራሙ ስኳር ሊወጣ ነው ብሎ ሲገምት በሰዓት አንዴ ራሱ ተጨማሪ ቦለስ ይሰጣል። የሚሞላው በስልክ ቻርጀር ገመድ ነው። መመሪያው ላይ ግን የሚሠራበት ሙቀት እስከ 37 ዲግሪ፣ ከፍታው እስከ 3,048 ሜትር ነው ይላል። ለፈረንጅ አገር ሰው ይህ ተራ ቁጥር ነው። ለእኛ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

ኦምኒፖድ 5 ቱቦ የለውም። ፖድ የሚሉት እንቁላል የምታህል ነገር ክንድ ወይም ሆድ ላይ ትለጠፋለች፤ ሞተሩም፣ ባትሪውም፣ ኢንሱሊኑም እዚያው ውስጥ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ተነቅላ ትጣላለች። ሙሉዋ፣ ከነሞተሯ! የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከዴንቨር ስትመጣ ክንዷ ላይ አየሁት። ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ምንም አይታይባትም። ሠርግ ላይ ስትጨፍር ሳያት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀናሁ። ፖዷ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 200 ዩኒት ትሞላለች። እኔን ለመሰለ በቀን ከ35 ዩኒት ብዙም ለማይርቅ ሰው ይበቃል። በቀን 80 ለሚወጋ ግን ሦስት ቀን አይደርስም።

አውሮፓ ውስጥ ሌላ አለ፤ የስዊዞቹ ይፕሶፓምፕ። በጣም ትንሽ ነው፣ የሚይዘውም 160 ዩኒት ብቻ ነው። የሱ አእምሮ ስልክ ላይ ነው ያለው፤ ካምኤፒኤስ ኤፍኤክስ የሚባል፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሮማን ሆቮርካ ቡድን ያበጀው ፕሮግራም። ለነፍሰ ጡርም ለሕፃንም የተፈቀደ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ነፍሰ ጡር ብሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ግን አእምሮው ስልክ ላይ ነው ማለት፣ ስልክ የተሰረቀ ቀን ፓምፑ ወደ ተራ ማንጠባጠቢያነት ይመለሳል ማለት ነው። መናኸሪያ አካባቢ ስልክ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ታውቃላችሁ።

አይሌት የሚባለው የአሜሪካኖቹ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተፈቀደ። እዚህ ያመጣሁት አንድ ሐሳቡ ስለገረመኝ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ካርቦሃይድሬቱን በግራም ቁጠሩ ይላሉ። አይሌት ሲጀመር ክብደታችሁን ትነግሩታላችሁ፤ ከዚያ ምግብ ሲቀርብ "እንደ ወትሮው ነው፣ ከወትሮው ይበልጣል፣ ያንሳል" ብቻ ነው። የእኛን ገበታ ያወቀ ሰው የሠራው ይመስላል! እንጀራ ላይ ግራም የሚጽፍ የለም። የእናቴ እንጀራ ወፍራም ነው፣ የጎረቤቴ ስስ። ጤፍ ብቻ ይሁን ገብስ የተቀላቀለበት በዓይን አይለይም። በዚያ ላይ አብሮ መብላት አለ፣ ጉርሻ አለ። "ይህቺን ለእኔ ብለሽ" ያሉኝን አክስቴን "ቆዪ፣ ስንት ግራም ነው?" ልላቸው ነው? እኔ ለራሴ አንድ ቀን የቤታችንን እንጀራ በኩሽና ሚዛን መዝኜ ግማሽና ሩቡ ስኳሬን ምን እንደሚያደርገው ጽፌ ይዣለሁ። ማንኛውንም ፓምፕ የሚያስብ ሰው ይህን ቀድሞ ይሥራ። ድንቹንም ጭምር፤ የእኛ ሰው ድንች አትክልት ነው ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ከፍታውና ሙቀቱ። ይህ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጎሐ ጽዮን ላይ ቆማችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ። ድልድዩ ጋ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይርቅም። ከዚያ ደጀን እስክትደርሱ ከ2,400 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። በዚህ አጭር መንገድ የአየሩ ግፊት ከ15 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ግፊት ሲቀንስ አየር ይሰፋል፤ ዘጠነኛ ክፍል የተማራችሁት የቦይል ሕግ ነው። ፓምፑ ውስጥ የተደበቀ አረፋ ካለ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ፊት ለፊቱ ያለውን ኢንሱሊን ወደ ሰውነት ይገፋል። 100 ዩኒት አንድ ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ የ5 ዩኒት ቦታ የያዘ አረፋ ዳገቱን ሲወጣ ወደ 1 ዩኒት ይገፋል። ትንሽ ይመስላል። ለእኔ 1 ዩኒት ስኳሬን በ50 ገደማ ይቀንሳል። ስኳሩ 90 ሆኖ ሚኒባስ ውስጥ ለተኛ ሰው ቀልድ አይደለም። አውሮፕላን ሲነሳም ያው ነው፤ ስለዚህ ፓምፕ ያላቸው መንገደኞች ሲወጡ ቱቦውን ለጥቂት ደቂቃ ነቅለው፣ አረፋውን አስወግደው መልሰው ይሰኩታል። የዓባይ ዳገት ላይም ይሄው ይሠራል። ቲ-ስሊም እዚህ ላይ ይሻላል፤ ዋናውን የኢንሱሊን ከረጢት ከቱቦው የሚለይ ትንሽ ክፍል አለው። ኦምኒፖድ ደግሞ የሚነቀል ቱቦ የለውም፤ ስለዚህ ያለው አማራጭ ሲሞሉ አረፋውን ጨርሶ ማስወጣት ነው።

ሙቀቱስ? በሚያዝያ መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ከቆመ 37 ዲግሪ ሩቅ አይደለም። ፓምፕ ደግሞ ልብስ ሥር ነው የሚውለው። መርፌ የሚወጋ ሰው ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይይዛል፤ ፓምፕ ያለው ግን ኢንሱሊኑን ከገላው ጋር አጣብቆ ነው የሚጓዘው። ጮቄ ተራራ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከቲ-ስሊም መመሪያ ወሰን አልፏል። ደጋ ላይ ለምታስተምር ጓደኛዬ ይህን ስነግራት "እኛስ መቼ ተፈቀደልን" ብላ ሳቀች።

በነገራችን ላይ ፍሪጅ የሌለው ሰው ሸክላውን አይናቀው። ቢቸና እናቴ ቤት ፍሪጅ ሳይገባ በፊት ትልቅ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገን፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ማሰሮ ቀብረን፣ ኢንሱሊኔን እዚያ ነበር የምናኖረው። ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት ውሃ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው። ቆላ ላሉ ዘመዶቼ አሁንም ይህንኑ ነው የምነግራቸው።

ስለ መብራት ሁሉም ይጠይቀኛል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። ሳጠናው ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። ድንጋይ የሚጠቀመው መብራት አይጠይቅም። በገመድ የሚሞላውም በፓወር ባንክ ይሞላል፣ በትንሽ ሶላርም ይሞላል። ኢንተርኔትም ቢሆን ዕለት ተዕለት አያስፈልግም፤ ፓምፑና ሴንሰሩ የሚነጋገሩት በብሉቱዝ ነው። ኦምኒፖድ 5 ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት በአካውንት መግባት ይጠይቃል፣ ለዚያ ኔትወርክ ያስፈልጋል። መሥመር ተቋርጦ ስንት ጊዜ እንደምንቆይ ለሚያውቅ ሰው፣ ሁሉን አዘጋጅቶ ከአዲስ አበባ መነሣት ይሻላል።

ውሃም አለ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ቱቦ ያለውን ፓምፕ ነቅሎ ለቤተሰብ ሰጥቶ ይገባል፤ ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ችግር የለውም። ረጅም ሱባኤ ላይ ግን ሰዓቱን የሚቆጥርለት ሰው ያስፈልጋል። የኦምኒፖዷ ፖድ ውሃ አይገባትም፤ እንደለጠፏት መግባት ይቻላል፣ መቆጣጠሪያውን ደረቅ ቦታ ትቶ።

ልጅ ለሚያዝሉ፣ ጀሪካን ለሚሸከሙ ሴቶች ደግሞ ቱቦው የት ይሂድ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። አንቀልባው የሚታሰርበት፣ መቀነቱ የሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ ሆድ ነው፤ ፓምፕ አምራቾቹም ቧንቧውን ሆድ ላይ አድርጉ ይላሉ። ጭን ወይም መቀመጫ ላይ ማድረግ ይቻላል። ማነጻጸሪያዎቹ ውስጥ ስለ ዋና ልብስ ብዙ አነበብኩ፤ ስለ አንቀልባ የጻፈ የለም።

አሁን ዋናው። ትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ዕቃን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል፣ ቋሚ ዕቃና አላቂ ዕቃ። ፓምፑ ቋሚ ዕቃ ነው። ሰው የሚያወራውም፣ ስጦታ የሚሰጠውም እሱን ነው። ሕክምናው ግን አላቂው ነው። ፓምፕ መግዛት የወተት ላም እንደመግዛት ነው፤ ላሟን የሚሰጥ ዘመድ አይጠፋም፣ ጥያቄው መኖው ነው። ቁጥሩን ላሳያችሁ። ኦምኒፖድ በየሦስት ቀኑ ከሆነ በዓመት ወደ 122 ፖድ ነው። ቲ-ስሊም ካርትሪጁም (ኢንሱሊን የሚሞላበት መያዣ) ቱቦውም በየሦስት ቀኑ፤ እንደ ኢንሱሊኑ ዓይነት በየሁለት ቀኑም ሊሆን ይችላል። 780ጂ የ7 ቀኑን ቱቦ ከተጠቀመ 52 ይበቃዋል፣ ግን ጋርዲያን 4 ሴንሰሩም የ7 ቀን ነው፣ ሌላ 52። ማጣበቂያው ይነቀላል፣ ቧንቧው ይታጠፋል፤ ስለዚህ ከዚህ ቁጥር በላይ መያዝ ያስፈልጋል። አንዱ ፓምፕ የሌላውን ካርትሪጅ አይቀበልም። ማርቆስ ገበያ ወርዶ የሚመሳሰል መፈለግ የለም።

ኢንሱሊኑም ራሱ አለ። እኔ በጤና መድህን የማገኘው ኤን.ፒ.ኤች. እና ሬጉላር ነው። እነዚህ ፓምፖች የተሠሩት አስፓርት ወይም ሊስፕሮ ለሚባሉት ፈጣኖቹ ነው። ሬጉላር ቆዳ ሥር ገብቶ ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፣ ከጀመረ ደግሞ ቶሎ አይለቅም፤ የማሽኑ ስሌት ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ ወንድሜ ፓምፕ ሲገዛልኝ ኢንሱሊኔንም አብሮ ሊገዛ ነው፣ ዕድሜ ልክ።

አዲስ አበባ የማውቃት ልጅ አለች። ከውጭ አንድ ደግ ሰው ያገለገለ ፓምፕ ሰጣት። ጥሩ ዕቃ ነበር። አንድ ሻንጣ ሙሉ ቱቦና መያዣ አብሮ መጣ። ሻንጣው እስኪያልቅ ስኳሯ በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ደረጃ ላይ ነበር። አለቀ። አምራቹ ያን ሞዴል ትቶ ወደ አዲሱ ሄዷል። አሁን እሷ እንደ እኔ በሲሪንጅ ነው። "ባላውቀው ይሻለኝ ነበር" ትላለች። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ያን ጊዜ የተማረችው ስሌት አሁን መርፌውንም አሻሽሎላታል። ግን ንዴቷ ይገባኛል።

እንግዲህ ለወንድሜ ምን አልኩት? ፓምፕ አልመረጥኩም። መጀመሪያ ሴንሰር አልኩት። ሊብሬ 2 ክንድ ላይ 14 ቀን ይቆያል፤ በዓመት 26 ነው፣ ሻንጣ ጥግ ላይ ይገባል። ቢያልቅ በጣት ደም ወደሚለካው ስትሪፕ እመለሳለሁ እንጂ ኢንሱሊን አይቋረጥብኝም። ልዩነቱ እሱ ነው። ፓምፕ ሲያልቅ የሚያልቀው ኢንሱሊኑ ነው፤ ሴንሰር ሲያልቅ መረጃው ብቻ።

ወንድሜ ከፈረንጆች ጋር ስለሚውል ማስረጃ ይወዳል። እሱንም ሰጠሁት። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የወጣው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት 1,441 ዓይነት አንድ ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት ተከታትሏል። ስኳራቸውን ጠበቅ አድርገው የያዙት ሰዎች ዓይናቸው ላይ ጉዳት የመጀመር ዕድሉ በ76 በመቶ ቀነሰ። እነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ የዘመኑን ፓምፕ ይዘዋል፤ ሌሎቹ ግን በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ መርፌ ነበር የሚወጉት። ያዳናቸው በየቀኑ ደጋግሞ መለካቱና ኢንሱሊኑን በልኩ ማድረጉ ነው። ይህን በሲሪንጅም መጀመር ይቻላል፤ ሳይለኩ ግን አይቻልም። የእኛ ሰው ደግሞ ስትሪፕ እየቆጠበ ነው የሚኖረው።

የዓመት አቅርቦት የሚያስተማምን ሰው ቢገኝ፣ ሐኪሙም ከተስማማና ፈጣኑ ኢንሱሊን ከተገኘ፣ ምርጫዬ 780ጂ ነው። ለድንጋዩ፣ ለ7 ቀኑ ቱቦ፣ ስልክ ባለመጠየቁ። አዲስ አበባ ለሚኖር፣ ከውጭ ወር በወር ሰው ለሚመላለስበት ኦምኒፖድ ይመቻል። ቲ-ስሊምን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ግን እዚህ ሳይሆን ሌላ ቦታ ብኖር ነው። ወንድሜ "እሺ፣ ግን ፓምፑን አልተውኩትም" ብሏል። ግትር ነው፣ በአባታችን ወጥቷል።

ፓምፕ ይዛችሁ ከውጭ ለበዓል ለምትመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ ጥቂት ልበል፤ የአክስቴ ልጅ መምጣት ያስተማረኝ ነው። ፓምፑ ቤዛሉን የሚቀያይረው በሰዓቱ ነው። ቦሌ ስትደርሱ ሰዓቱን አስተካክሉ። ስታስተካክሉ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። አንድ የቤት ሰው "አሁን ሁለት ሰዓት ነው" ብሎ ከነገራችሁና እንደዚያ ከሞላችሁት ስድስት ሰዓት ተሳስቷል። ንጋት ላይ ከፍ እንዲል ያደረጋችሁት ኢንሱሊን ቀትር ላይ ይመጣል።

ኢንሱሊኑን ጭነት ውስጥ አትክተቱት፤ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ደግሞ አይሠራም። ሚኒባስ ውስጥ ከሞተሩ አጠገብም አታኑሩት። ሲሪንጅ ይኑራችሁ። ቤዛላችሁ በቀን ስንት ዩኒት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ፓምፑ ከሞተ ቁጥሩም አብሮ ይሞታል፣ የሚያክማችሁ ሐኪም ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የኬቶን ስትሪፕ ያዙ። ኤን.ፒ.ኤች. እዚህ ይገኛል፤ ፈጣኑን ግን ከምትፈልጉት እጥፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ።